ከጨፌው የቀረሁባቸው ቅዳሜዎች

ባለፈው መስከረም፣ ከሞጣ ከተማ በታች ያለው ጨፌ ከብትና ማጭድ እንዳይገባበት ታጥሮ የእግር መንገድ ከወጣለት ወዲህ፣ ከባሕር ዳር የመጡ ሰዎች ባይኖኩላር አንግተው ወፍ ሊያዩ ሲዘዋወሩ እኔም ከኋላ ከኋላቸው ስራመድ፣ የእርጥብ ቄጤማ ሽታ መጣና እግሬን ያዘው። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ ያ ሽታ ግን ሁልጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ጥፋተኛ ያደርገኛል።

ያኔ ከወሎ ተመድበው የመጡት የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር ሰይድ ጎረቤታችን ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ከትተው፣ ጭቃው ውስጥ እንኳ ከረባታቸውን ሳይፈቱ፣ ወፍ ሊያሳዩኝ እዚሁ ጨፌ ይዘውኝ ይመጡ ነበር፤ ባይኖኩላሩን የምይዘው ግን ሠላሳ እስኪቆጥሩ ብቻ ነው። ቄሱ አባቴ ወፍ ለማየት ይህን ያህል መንገድ መሄዳችን እያሳቃቸው ለመምህሩ የሚሆን ቆሎ በኪሴ ይሞሉልኝ ነበር።

አንድ ቀን ቲቸር ሰይድ ራሳቸው ላይ ወርቃማ ጉንጉን ያላቸውን ረጃጅም ወፎች ጎጆ አሳዩኝና ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ግን ቄጤማ ልናጭድ ስንወጣ፣ ረጅሙና ለምለሙ ያለው እዚያው ጎጆው ዙሪያ ነበርና፣ ከሁሉ የበለጠ ሸክም ይዤ ለመግባት ስል ጓደኞቼን መርቼ ወሰድኳቸው። አጭደን ስንጨርስ ጎጆው ውስጥ ያገኘነው የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት ብቻ ነው። የረገጥነው እኛ መሰለኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ መምህሬ ደጃችን ሲመጡ ጎተራ ኋላ ተደብቄ እናቴን አሟታል አስባልኳት። በሦስተኛው ሳምንት መምጣቱን ተዉት፤ በዓመቱም ወደ ቢቸና ተዛወሩ።

ባለፈው መስከረም ያን ቀን ከጨፌው ስወጣ ወደ እንግዳ ማረፊያዬ መመለስ አልቻልኩም፤ መምህሬ እዚያው እንደቀሩ ሰምቼ ስለነበር በቀጥታ ቢቸና ሄድኩ። ጡረታ የወጡት ቲቸር ሰይድ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ማንነቴን ተናግሬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ቅርፊቱ ውስጥ አስኳል ነበረ?» አሉኝ፣ ፈተና እንደሚያርም ሰው።

«የለም፣ ደረቅ ነበር።»

«እንግዲያማ ተፈልፍለው ወጥተዋል ልጄ። የነሱ ጫጩት ወዲያው ነው እናቱን የሚከተል። በዋዜማው ጠዋት ሁለቱም ጫጩቶች እናታቸውን ተከትለው ከጎጆው ሲርቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅዳሜ ደጃችሁ የመጣሁት እነሱን ላሳይሽ ነበር።»

እፎይ አልኩ፤ መንገደኛ እያየኝ አለቀስኩ። እሳቸውም ረጅም ትንፋሽ አወጡ።

«እኔ ደግሞ አባትሽ የከለከሉሽ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ቄስ ናቸው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ከልጃቸው ጋር መዋሌን ባይወዱት አልፈርድባቸውም ብዬ ከቤታችሁ ቀረሁ።»

አባቴ እስኪሞቱ ድረስ፣ ያን መምህር ምን ብናስቀይማቸው ነው የራቁን እያሉ ይጠይቁኝ እንደነበር፣ እኔም ሁልጊዜ አላውቅም እያልኩ እመልስ እንደነበር ነገርኳቸው። ቲቸር ሰይድ ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ።

«ሞጣ እንሂድ» አሉ፤ «የተቀበሩበትን አሳዪኝ።»