በሩን የቀረቀርኩባቸው ሽማግሌዎች

ሽማግሌ መጥቶላት በር የቀረቀረች ሴት በሰቆጣ ከኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ነገሩ በተነሣ ቁጥር ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የሳቄ ግማሽ ግን የውሸት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ባሕር ተሻግሬ ሠርቼ እመጣለሁ ብሎ ከቤት ከወጣ ሰንብቷል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከባሕሩ ዳር ሆኖ ነው። «ጀልባ እየጠበቅን ነው፣ አታስቡ» አለን። አታስቡ! ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እኛም ዘንድ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዝም ያለው እሱ ይሁን ስልኩ መለየት አልተቻለም። ሰው ቁርጡን ካወቀ አልቅሶ ይወጣለታል። እኔ ቁርጡን ስላላወቅሁ እንቆራጠጣለሁ። የታጠበ ሳሕን መልሼ አጥባለሁ። ቢሮ ስቀመጥ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን ይሮጣል። ስልኬ ሳይጮኽ የጮኸ ይመስለኝና ስብሰባ መሐል ከቦርሳዬ መንጭቄ አወጣዋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን ስለ ጭንቀት አያያዝ ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ ደግ ሰው ነው። «በአፍንጫችሁ ሳቡ፣ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ በአፋችሁ አውጡ» አለን። ሳብኩ። ያዝኩ። እንደያዝኩት፣ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ትንፋሹን የሚይዘው እንዲህ ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩና ከአዳራሹ ተነሥቼ ወጣሁ። በእግር መሄድም ጭንቀት ያቀላል ብሎን ነበር። ለአገሩ እንግዳ ነው፣ አይፈረድበትም። እኔ በእግሬ ስሄድ ከቤቴ እስከ ገበያው ያለው ሰው ሁሉ «ደወለ ወይ?» ይለኛል። ለሁሉም «ይደውላል» ስል ቆይቼ ቤቴ የምገባው ከአወጣጤ ብሶብኝ ነው። በኋላ በጓሮ በኩል፣ በቁልቋሉ አጥር ሥር መሄድ ጀመርኩ። እዚያም ደረሱብኝ።

ከሁሉ የምፈራው ግን ማለዳን ነው። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ጎረቤት አስተባብረው ይመጣሉ። በዚያ ሰዓት በር አንኳኳች ብዬ ወተት የምታመጣልንን ሴትዮ ያለ ጥፋቷ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ።

እሑድ ማለዳ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። በመስኮት ሳይ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። የጎረቤታችን በር ላይ ቆሙ። ጎረቤቴ ወጥታ ሰማቻቸውና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ እኛ ቤት አመለከተቻቸው። ፈገግታዋን ስትደብቅ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ያኔ ግን በቃ አልኩ። በሩን ዘግቼ መቀርቀሪያውን ጣልኩና በጀርባዬ ተደገፍኩት። ካልነገሩኝ አልሞተም የሚል ሐሳብ ነው የያዘኝ።

«ቤቶች!» አሉ ከውጭ።

«ማንም የለም!» አልኩ።

«የኔ ልጅ፣ በደግ ነው የመጣነው፤ ክፈችልን።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው! አልሰማም፣ ሂዱልኝ!»

«ኧረ ልጄ፣ ለጋብቻ ነው! መምህሩ ነው የላከን።»

እዚህ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው መምህር ላግባሽ፣ ሽማግሌ እልካለሁ ሲለኝ ከርሞ ነበር። ጨርሼ ረስቼዋለሁ። እንኳን ባል ራሴንም ረስቻለሁ። ሳቄ እየመጣ መቀርቀሪያውን ሳነሣ፣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ የአጥሩ በር ላይ ደረሰች። ሦስት ሽማግሌ በተዘጋ በር ፊት ቆመው አየች። ምንም አልጠየቀችም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጥላ መሬት ላይ ወደቀች፤ የአፍ መፍቻዋ ኽምጥኛ ነውና በኽምጥኛ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ጮኸች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔም ጫማዬን ሳላደርግ ሮጬ «እማ፣ ለጋብቻ ነው! ለኔ ነው! እኔን ሊጠይቁ ነው!» እያልኩ ከሷ በላይ ጮኽኩ። ሴቶቹ እልል ይበሉ ያልቅሱ ግራ ገባቸው።

እናቴን ደግፈን ስናስገባ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እስከዚያ ቃል ያልተነፈሱት፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይንቀጠቀጡ ነበር። ጩኸቱ አስደንግጧቸው ነው ብዬ ውኃ ሰጠኋቸው። ቤት ውስጥ ጉዳዩ በወጉ ተነገረ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «ወንድሟ ሳይስማማ አልሰጥም። ሲደውል ጠይቄው እነግራችኋለሁ» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቆጣት እችል ነበር። ሽማግሌዎቹም «ደግ፣ እንጠብቃለን» ብለው ተነሡ።

ስሸኛቸው እኒያ ዝምተኛው ሽማግሌ ወደኋላ ቀሩ።

«እኔ መምህሩን አላውቀውም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከአበርገሌ ነው የመጣሁት። የኔም ልጅ ከወንድምሽ ጋር ነው አሉኝ። እናንተ ዘንድ የተሰማ ነገር እንዳለ ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ። ብቻዬን በራችሁ ላይ ብቆም መርዶ ይመስላችኋል ብዬ ፈራሁ። ያደርኩበት ዘመዴ ለሽምግልና ወዲህ እንደሚመጣ ስሰማ፣ እኔንም ጨምሩኝ ብዬ ለመንኩት።»

አፈርኩ። እናቴ ስትጮኽ እሳቸው የራሳቸውን ልጅ መርዶ እንደሰሙ አሁን ገባኝ። ደህና ወሬ ፈጥሬ ብነግራቸው በወደድኩ።

«ምንም አልሰማንም፣ አባቴ» አልኳቸው።

«ክፉም አልሰማችሁ?»

«ክፉም አልሰማንም።»

«ተመስገን» አሉ። ደስ ብሏቸው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ያዝኳቸው።