ሦስት መቶ ዓመት የሞላት ኤላ

አለልኝ ተዘራ እስራኤል አገር ደን ውስጥ መሥራት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በወረቀት ግን ከአሥር ወር አልፎ አያውቅም። አሥረኛው ወር ሲሞላ ካብላኑ፣ ያ ሠራተኛ አቅራቢው፣ ቋሚ እንዳይሆንበት የስንብት ደብዳቤ ይሰጠዋል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ደውሎ፣ «ያላ አለልኝ፣ ነገ መኪናው በጊዜ ይመጣል፣ እንዳታረፍድ» ይለዋል። ሃያ ጊዜ ተባሮ ሃያ ጊዜ የተቀጠረ ሰው ቢያማርር የሚፈርድበት የለም። እሱ ግን መጋዙን አንግቶ ይሄዳል፣ ይቆርጣል፣ ይተክላል፣ ወደ ሰፈሩ ወደ ክፋር ግቢሮል ይመለሳል።

ባለፈው ዓመት የደቡብ ኮረብቶች የደን አገልግሎት ሚክራዝ፣ የሥራ ውድድር፣ አወጣ። አንድ የደን ተቆጣጣሪ ይፈለጋል፤ ሥራው ክቪዑት ያለው፣ ቋሚ፣ ከነጡረታው ከነመኪናው ነው። ተወዳዳሪው ግን በዕፅዋት ትምህርት አርባ ጥያቄ ይፈተናል። ዛፍ መትከል ትችላለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም፤ እሱ የካብላን ሠራተኛ ሥራ ነዋ።

«አመልክት እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል?» አለችው ሚስቱ ይታይሽ። «ሃምሳ አንድ ዓመትህ ነው። ወገብህ እንደሆነ ሌላ ክረምት መጋዝ አይሸከምልህም።»

እውነቷን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብሎ መነሣት አቅቶት ሰው ደግፎት ነው ወደ መኪናው የገባው። ይህ ሥራ ካመለጠው የሚቀጥለው የስንብት ደብዳቤ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ያውቁታል።

አመለከተ። አስተማሪው ልጁ ሬዑት ሆነች፤ የነርስነት ተማሪ ናት። በሌላው ጊዜ አባቷን አንቱ የምትል ልጅ፣ የፈተናው መጽሐፍ ሲገለጥ ብድግ ብላ አንተ ትለዋለች። «አባ፣ ትኩረት! ይሄ ቅጠል ጠርዙ ምን ዓይነት ነው?» አለልኝ ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ ማሽተት ለምዷል፤ ከወረቀት ላይ ምን ይሸታል? በዚህ ምክንያት በየቀኑ ቅርንጫፍ እየለቀመ ይመጣ ጀመር። ይታይሽ ፍሪጁን ስትከፍት ከእርጎው ይልቅ የሀሩቭ ዛፍ ቅጠል ይቀድማታል።

«ይሄን ሰው ደን አገልግሎቱ ሳይቀጥረው በፊት እኔ አባርረዋለሁ» ትል ነበር።

ከሁሉ የከፋው የላቲኑ ስም ነበር። አልገባ ሲለው አንድ መላ አገኘ፤ በልጅነቱ ከቄሶቹ አፍ በሰማው በጸሎቱ ዜማ ያዜመው ጀመር። «ፒኑስ ሃ-ሌ-ፔን-ሲስ፣ ኩዌርኩስ ካ-ሊ-ፕሪ-ኖስ» እያለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰውነቱን እያወዛወዘ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የፎቁ ጎረቤታቸው ዓዲ አንኳኩቶ ገባና በአክብሮት ቆሞ፣ «ጋሼ አለልኝ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው? እኛ ሳናውቀው እንዳያልፈን» አለ። የኦሬን ዛፍ በዓል ነው አለችው ይታይሽ። እንዲህም ሆኖ ዜማው ሠራ፤ በሁለት ወር መቶ ሃያ ስም ሸመደደ።

ታዲያ አንድ ቀን ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሲገለጥ አለልኝ መጽሐፉን ወደ ራሱ ሳበው። ሥዕሉ ኤላ የምትባል የአንዲት ትልቅ ዛፍ ፎቶግራፍ ነበር። ግንዷ ከታች ለሁለት የተሰነጠቀ፣ አንድ ቅርንጫፏ ዝቅ ብሎ መሬት ሊነካ የደረሰ። ከሥሩ «ጥበቃ የሚደረግላት፣ ዕድሜዋ ሦስት መቶ ዓመት» ይላል።

«ይቺን የቆረጥኳት እኮ እኔ ነኝ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የመኪና ማቆሚያ ይስፋ ተብሎ ትእዛዝ መጣ። አለልኝ አይቶ አላመነም፤ ጤነኛ ዛፍ ናት። ሁለት ጊዜ ሄዶ፣ «በእርግጥ ይቺ ናት?» ብሎ ተቆጣጣሪውን ጠየቀው። ያም ከመኪናው ሳይወርድ፣ «ራሷ ናት፣ ቤሰደር፣ ቁረጣት» አለው። ቆረጣት።

«አባ፣ ዳይ፣ በቃ» አለች ሬዑት። «በመጽሐፉ ቆማለች። ፈተናው ላይ ከመጣች፣ መለማመጃው ላይ እንዳለው መልሱ ጊሜል፣ ሦስተኛው ነው። አጥር ያስፈልጋታል በል፣ ጨርሰህ ውጣ።»

የፈተናው ቀን በቤኤር ያዕቆብ አንድ አዳራሽ ሠላሳ ሁለት ሰው ተቀመጠ። ከአለልኝ አጠገብ ኦዴድ የሚባል ዲግሪ ያለው ወጣት ነበር፤ ጫማው የደን ጫማ ነው፣ ጭቃ ግን ገና አላየም። አለልኝ ሳይታወቀው ማዜም ጀምሮ ፈታኟ ሁለት ጊዜ ተቆጣችው። እስከ ሠላሳኛው ጥያቄ ድረስ ምንም አላሳተውም። ሠላሳ አንደኛው ላይ ያቺ ኤላ ብቅ አለች። ይቺ ዛፍ ምን ያስፈልጋታል? አሌፍ ውኃ፣ ቤት መከርከም፣ ጊሜል አጥር፣ ዳሌት ምንም።

ብዕሩ ጊሜል ላይ ደረሰ። ወገቡ ትዝ አለው፣ ይታይሽም ትዝ አለችው። ነገር ግን ያ የመጋዝ ጩኸት ከጆሮው አልወጣ አለ። ውሸታም መሆን መረረው። አንዱንም ሳይመርጥ ከጎን በኩል በዚያ በተንጋደደ የዕብራይስጥ ጽሑፉ፣ «ይቺ ዛፍ የለችም። በትእዛዝ ቆርጫታለሁ። የሚያስፈልጋት ነገር የለም» ብሎ ጻፈ።

ከሳምንት በኋላ አንዲት የፈተናው ኮሚቴ ሴት ደወለች። «አንተ ነህ የጻፍከው? እርግጠኛ ነህ?» እርግጠኛ ነኝ አለ፣ ቦታውን ጭምር ነገራት። ሴትዮዋ በጣም አመሰገነችው። ይታይሽ ምስጋናውን እንደ ሹመት ቆጥራ ከፎቅ ፎቅ አወራችው።

ደብዳቤው ሲመጣ ሬዑት ቆማ አነበበችው። ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ስሕተት ስላለበት ተሰርዟል፤ በመሆኑም ከአራቱ መልሶች የትኛውንም ለመረጠ ተወዳዳሪ ሁሉ ሙሉ ነጥብ ተሰጥቷል ይላል። ምንም ያልመረጠው አለልኝ ብቻ ነው። ኦዴድ በአንድ ነጥብ በለጠው።

ሬዑት ይግባኝ እንበል ብላ ተንጨረጨረች። አለልኝ ግን ከፋው፤ ሃያ ጊዜ ሲባረር እንኳ እንዲህ ከፍቶት አያውቅም። ፍሪጁን ከፍቶ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ጣለ። ይታይሽ ሻይ አቀረበችለት።

ብዙም ሳይቆይ ካብላኑ ደወለ። አስቸኳይ ሥራ ነው፣ ከበላይ አካል ጎብኚዎች ይመጣሉ። አለልኝ ሲደርስ የት እንደመጣ ገባው፤ የመኪና ማቆሚያው ጫፍ፣ ያ የተሰነጠቀ ጉቶ። ጉቶውን አፈር አለበሰው። አጠገቡ ከጉልበቱ የማትደርስ የኤላ ችግኝ ተከለና ዙሪያዋን አጥር አጠረ። ሰሌዳው ተጽፎ ነው የመጣው፤ «ጥበቃ የሚደረግላት፣ ዕድሜዋ ሦስት መቶ ዓመት» ይላል። ስቀል አሉት፣ ሰቀለው።

አዲሱ ተቆጣጣሪ ኦዴድ የዛፍ መመዝገቢያ ቅጽ ይዞ መጣ። ሰሌዳውን አነበበ፣ ችግኟን አየ፣ እንደገና ሰሌዳውን አነበበ። ፊቱ ቀላ።

«አለልኝ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዕድሜ በሚለው ቦታ ምን ልጻፍ?»

አለልኝ ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ጊሜል ብለህ ጻፍ፤ ዋናው መምረጡ ነው» አለውና፣ ችግኟ ውኃ ስላልጠጣች ባልዲውን አንሥቶ ወደ ቧንቧው ሄደ።