በእኔ አፍ የተነጋገሩ ወንድማማቾች

ዙሪክ አጠገብ፣ ክሎተን አየር ማረፊያ አውሮፕላን ስናጸዳ አጣማሪዬ ከኮሶቮ የመጣ አልባኒያዊ ነበር። እኔ መቀመጫ እጠርጋለሁ፣ እሱ ምንጣፉን በማሽን ያጸዳል፤ ወሬው ግን ከማሽኑ በላይ ይሰማል። ወሬውም አንድ ነው፤ አልባኒያውያን ያሉበት አገር ሁሉ ተሰብስቦ አንድ መሆን አለበት። ለዚሁም ፓርቲ ነበራቸው። ስንት እንደሆኑ ብጠይቀው ፈገግ እንኳ ሳይል «አሥራ አንድ» አለኝ።

አንድ ቅዳሜ ቪዲኮን የሚባል ሰፈር ወዳለው መሰብሰቢያቸው ወሰደኝ። ከጎማ መጠገኛ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ካርታ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ባንዲራ፤ የሲጋራው ጢስ ዓይን አያስገልጥም። ታናሽ ወንድሙን ያወቅሁት ያኔ ነው። ጄኔቭ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል፤ ለስብሰባ በወር አንዴ በባቡር ይመጣል። እኔም ስዊስ ስገባ መጀመሪያ ሦስት ዓመት የኖርኩት ጄኔቭ ስለሆነ በፈረንሳይኛ ተጫወትን። እሱ ጀርመንኛ አንዲት ቃል አይሰማም። ሳቂታ ሰው ነበር፤ ወደድኩት።

ወይ ጉድ! አገር አንድ እናደርጋለን ያሉት ሰዎች ዓመት ሳይሞላቸው ለሁለት ተሰነጠቁ። ኮሶቮ መጀመሪያ ለብቻዋ ነጻ ትውጣ ወይስ ሁሉም በአንዴ ይዋሃድ ነው ጠቡ። አምስቱ ወጡ፤ ታናሹም ከእነሱ አንዱ ነበር። የቀሩት ስድስቱ፣ አጣማሪዬም ጭምር፣ ባንዲራውን ይዘው ከወጡት ጋር ቃል ላይለዋወጡ ማሉ። እነሱ ዘንድ ደግሞ ቃል ከሰጡ መመለስ የለም፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው ሰላምታ የሚሰጠው አያገኝም።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። አዲስ አበባ እኔና ታላቅ ወንድሜ በሁለት ፓርቲ ተለያይተን፣ አንድ ቤት እያደርን ሳንነጋገር ከርመናል። አንድ ቀን ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ይህን ለአጣማሪዬ ነገርኩት። «የእናንተ ሌላ ነው» ብሎኝ እርፍ። ንድድ አልኩ።

ግን ወንድም ይናፍቃላ! ወር ሳይሞላው አጣማሪዬ «እባክህ ለወንድሜ ደውልልኝ» ብሎ መጣ። የሕዝብ ስልክ ሳጥን ውስጥ ተጣበን እንቆማለን፤ እሱ ፈረንሳይኛ አያውቅምና በጀርመንኛ ይነግረኛል፣ እኔ በፈረንሳይኛ አስተላልፋለሁ። የአንድ እናት ልጆች በእኔ በወሎዬው አፍ!

«ለምን ደብዳቤ አትጽፍለትም?» አልኩት።

«ደብዳቤም ቃል ነው።»

«እኔስ?»

«አንተ አልማልክም።»

ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖርን።

ኮሶቮ ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር ታናሹ ሊዘምት ተነሣ። በባቡር እስከ ሚላኖ፣ ከዚያ ወደብ ወርዶ በመርከብ ወደ አልባኒያ። ይህን ስነግረው አጣማሪዬ ማሽኑን አጠፋና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። «አብረኸኝ ሂድ» አለኝ። የሁለታችንንም ፈረቃ አስቀየረና እሁድ ጠዋት ጄኔቭ ደረስን።

ታናሹ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ አንድ ሻንጣ ይዞ ቆሟል። ተያዩ። እኔ መሐላቸው ገባሁ።

«በልተሃል ወይ በለው» አለኝ ታላቁ።

«በልቻለሁ በለው።»

«ይሄ ጫማ ለተራራ አይሆንም በለው።»

«እዚያ ይሰጡናል በለው።»

መንገደኛው ሁሉ እያየን ነው። ባቡሩ ሊገባ አራት ደቂቃ ሲቀረው የታላቁ ድምፅ ተሰበረ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ በለው። አትሂድ በለው፤ እናታችን ማን አላት በለው።»

ደሜ ፈላ። የገዛ ወንድሜ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «አልልም!» አልኩት። «ሬዲዮህ አይደለሁም! በእናትህ ቋንቋ ራስህ ንገረው!» እንዲህ ካጣደፍኩት አፉን የሚከፍት መስሎኝ ነበር። አፉንም ከፈተ፤ ምንም ግን አልወጣም።

ጀርመንኛው ያልገባው ታናሹ በፈረንሳይኛ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ራሱ ይነግርሃል» አልኩት።

ባቡሩ ገባ። ታናሹ ወንድሙን አቅፎ ሳመውና ተሳፈረ። ወደ ዙሪክ ስንመለስ እልኬ እየበረደ ሲሄድ ያደረግሁት ነገር እየገባኝ መጣ፤ ግን ሁለተኛ የምደውልበት ቁጥር አልነበረም።

የታናሹ መርዶ የመጣው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። አጣማሪዬ ሐዘን ተቀምጦ ሥራ በተመለሰ ዕለት፣ የመቀመጫ ቀበቶ እያስተካከልን ሳለ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ወንድሜ ትንሽ ትንሽ ጀርመንኛ ሳይሰማ አይቀርም፣ አይደል? ያን ዕለት ያልኩትን ሰምቶኛል?»

«ሰምቶሃል» አልኩት። «ጥሩ አድርጎ ይሰማ ነበር።»