ሁለት ጣት ክፍተት

ልጄ መኪናውን ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር አጋጨና መሪው ወደ ግራ እየሳበ አስቸገረው። አብሬው ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ጎማዎቹ መቃናታቸውን ለማየት በጎናቸው ክር ሲወጥር ፊቴን አዞርኩ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ከሸማው ጉድጓድ አውጥቶ ጋራዥ አስገባው። አንድ ቀን ምሳውን ሳደርስለት፣ የድልድይ ድንጋይ የገጨ ካሚዮን አጠገብ ተንበርክኮ የሸማ ክሩን ወጥሯል። ክሩ የኋላውን ጎማ ሲነካ ከፊተኛው ሁለት ጣት ይርቃል።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ አይነካም» አልኩት።

እጄን ጨመቀኝ። «ነገ አገር ሊያቃጥሉ የሚወጡበት ነው። ዝም በይ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ክሩን ጠቅልሎ ተነሣና ለጣሊያኑ አለቃ «ተቃንቷል» አለው።

ያንን ካሚዮን ሁልጊዜ የሚነዳው ጣሊያን ነበር። በማግስቱ ግን ሰውየው ታሞ ኖሮ መሪውን ያስያዙት እዚያው ጋራዥ መንዳት የተማረውን ጋሼ አየነውን፣ የአባቴን እህት ባል ነው። ካሚዮኑ ከነወታደሮቹ፣ ከነጋሼ አየነው ገደል ገባ።

መኪናውን ማን እንዳየው ያላወቀችው አክስቴ እስክትሞት ድረስ እኛ ቤት እየመጣች ታለቅስ ነበር። «ምናለ ያን ቀን ወንድሜ አይቶት ቢሆን!» ትላለች። አባቴ ዝም። እኔም ዝም።

«እማማ፣ ተቃንቷል» አለኝ መካኒኩ።

አላመንኩትም። ጎንበስ ብዬ በክሩና በጎማው መሃል ጣቶቼን ለማስገባት ሞከርኩ።