ብረቱ ከውስጥ ወይስ ከውጭ፦ ከጂንካ ቱርሚ በሁለት ቦርሳ

«ብረቱ ከውስጥ የተሰፋ የጀርባ ቦርሳ ነው የሚሻለው ወይስ ብረቱ ከውጭ የሆነ?»

ይሄን የጠየቁኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ ጂንካ ቢሯቸው ውስጥ፣ ለሥራ ሊፈትኑኝ። ቱሪዝም ተምሬ ገና መመረቄ ነው። ስለ ቦርሳ ያስተማረኝ ሰው የለም። ስለዚህ የተማረ ሰው የሚለውን አልኩ፦ «እንደ ሁኔታው ነው።»

እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ለ‹እንደ ሁኔታው› ደሞዝ አልከፍልም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ደምሴ አነስተኛ የጉዞ ድርጅት አላቸው። ከዲመካ ቱርሚ በእግራቸው የሚሄዱ እንግዶች ሊያመጡ ነው። የእንግዶቹን ውሃና ምግብ የሚሸከሙ ሰዎች ይቀጥራሉ፤ ለተሸካሚዎቹ አሥር ቦርሳ ይገዛሉ። ቢሯቸው ጥግ ላይ ደግሞ ፈረንጆች ትተዋቸው የሄዱ ሁለት ቦርሳዎች አሉ፣ ከየዓይነቱ አንድ።

«ከኦይታ ጋር ሁለቱን ተሸክማችሁ ሂዱ። አንድ መልስ ይዘሽ ነይ። መልስ ካለሽ ሥራው ያንቺ ነው። ከሌለሽ ተራ የሚጠብቁ አሉ።»

ተራ የሚጠብቁትን አውቃቸዋለሁ። አብረን ነው የተመረቅነው።

ሐሙስ ንጋት፣ ጂንካ መናኸሪያ

ኦይታ የጋሽ ደምሴ አስጎብኚ ነው፤ ሐመር፣ የቱርሚ አካባቢ ልጅ። ከኔ ቀድሞ መጥቶ ብረቱ ከውስጥ ያለውን ቦርሳ አንግቶ ቆሟል። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ብረቱ የማይታይ። ለኔ የተረፈኝ አሉሚኒየም መሰላል ላይ ቀይ ከረጢት ያሰሩበት የሚመስለው ነው።

የቅጥቅጡ ረዳት ዞሮ ዞሮ አየው።

«እህት፣ የሕፃን አልጋ ነው?»

«ቦርሳ ነው።»

«አልጋ ከሆነ የጭነት ትከፍያለሽ።»

«ቦርሳ ከሆነስ?»

«ያው ነው።»

የኔ ፖርቶ መጋላ ላይ ወጣ፣ ከሙዝና ከሁለት ፍየሎች ጋር። የኦይታ እግሩ ሥር ገባ። አንድ ለዜሮ።

ካኮ ላይ ቆመን ማንጎ ገዛን። ቀጥሎ ያለችው ቀይ አፈር ከተማ የገበያ ቀኗ ስለነበር እዚያ ከግማሽ በላይ ሰው ወረደ፣ ፍየሎቹም ወረዱ። ዲመካ ደርሰን ቦርሳዬ ሲወርድልኝ አንደኛው ብረት ጎብጧል። ረዳቱ ፍየሎቹን ጠረጠረ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ በድንጋይ ቀጥቅጬ አቃናሁት። ቢያንስ የቱ ጋ እንደተጎዳ ይታያል። የኦይታ ቦርሳ ብረቱ ውስጥ ቢሰበር የምናውቀው ጀርባውን ሲወጋው ነው።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዲመካ በኋላ

መኪና መንገዱን ትተን በእግር መንገዱ ገባን። ቀይ አቧራ፣ ኩይሳ፣ ግራር። ፀሐይዋ ምንም አታዝንም። የኔ ብረት ባገኘው ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል።

«ቀስ በይ» አለኝ ኦይታ፣ «ጫካውን ይዘሽ ልትሄጂ ነው።»

እሱ በእሾሁ መሃል እንደ እባብ ያልፋል። ሸሚዙ ግን የታጠበ መስሏል። የኔ ጀርባ ደረቅ ነው፤ በብረቱና በሸሚዜ መሃል ነፋስ ይገባል።

«ና እንቀያየር፤ ሁለቱንም መሞከር አለብኝ።»

«ይሄን እኔ ሞክሬልሻለሁ። ጥሩ ነው።»

«በላብ ርሰሃል እኮ።»

«ላብ ውሃ ነው። ምን ያደርጋል?»

ትዕግሥት የለኝም፤ መንገዱ መሃል ቆምኩ። እሱም ቆመ። ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እዚህ አካባቢ አጎቶቼ አሉ። ዕቃ በገመድ ታስሮ በጀርባ፣ ይሄ የሴት ሸክም ነው። ወንድ ዱላና በርኮታ ነው የሚይዘው።» በርኮታ ወንዶቹ የሚቀመጡባት፣ ሲጋደሙም የሚንተራሷት ትንሽዬ እንጨት ናት።

«ያንተ ቦርሳ ታዲያ የወንድ ነው?»

«የቱሪስት ነው።»

ተስማማን፦ ሰው በሌለበት እንቀያየራለን። ጥቁሩን ሳዝለው እውነትም ሰውነት ላይ ልጥፍ ይላል፣ አይወዛወዝም፣ እሾህ አይነካውም። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ግን ትኩሳት የያዘው ልጅ ያዘልኩ መሰለኝ። ከሩቅ የከብት ቃጭል ሲሰማ ኦይታ መሰላሉን አውርዶ መለሰልኝ። ቃጭሉ ሲርቅ ተቀበለኝ። አመሻሽ ላይ ዘመዶቹ መንደር እስክንደርስ እንዲህ ስንለዋወጥ ቆየን። ኦይታ መንደሩ የገባው ጥቁሩን አንግቶ ነው።

ዓርብ ጠዋት፣ ደረቁ ወንዝ

የያዝነው ውሃ አልቋል። ወንዙ አሸዋ ነው። ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው፣ የሚመነጨውን በቅል እየቀዱ ቢጫ ጀሪካን ይሞላሉ። አንዷ ዙቦ ናት፣ የኦይታ ታላቅ እህት። አንድ ጀሪካን ሞልታ ሰጠችን።

ተሸካሚዎቹ ለእንግዶቹ የሚሸከሙት ይሄን ነው፤ ስለዚህ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ጥቁሩን ሞከርን። አፉ ጠባብ ነው። ኦይታ በጉልበቱ ገፋው፤ ጀሪካኑ አልገባም፣ ክዳኑ አፈትልኮ ሱሪው ራሰ። ሴቶቹ መቅዳት አቁመው አዩት።

ከዚያ የኔን ቀይ ከረጢት ፈትቼ አነሳሁና ጀሪካኑን ባዶው ብረት ላይ አሰርኩት። ዙቦ አስተሳሰሬን አይታ ገፋ አደረገችኝ፣ ፈትታ በራሷ መንገድ አጥብቃ አሰረችው፣ አዘለችው። ብረቱ ላይ ያለውን የወገብ ቀበቶ አሳየኋት፤ ቆለፈችው። ክብደቱ ከትከሻዋ ወደ ዳሌዋ ሲወርድ ፊቷ ላይ ታየ። ዳገቱን ወጥታ ተመለሰች። ኦይታን እያየች ብዙ አወራች።

«ምን አለች?»

«ጥሩ ነው አለች።»

«ይሄን ሁሉ አውርታ?»

«ሌላው ስለ እኔ ነው።»

ሌሎቹም ተራ በተራ አዘሉት። ስንሄድ ዙቦ ብረቱን ቶሎ አልሰጠችኝም።

ቅዳሜ፣ ከቱርሚ ወደ ጂንካ

ቱርሚ አድረን በማሽላ ጫኝ አይሱዙ ተመለስን፣ ከጭነቱ በላይ ቁጭ ብለን። ኦይታን ለቀቅ አላደረግኩትም።

«እህትህ ያለችውን በሙሉ ንገረኝ።»

ቀይ አፈርን ስናልፍ ነገረኝ፦ «ለተሸካሚ ስንት ነው የሚከፈለው አለችኝ። ነገርኳት። እኔ ይሄን ውሃ በየቀኑ በነጻ ነው የምሸከመው አለች። ለሴትየዋ ንገራት፣ እኔ እመጣለሁ፣ ሌሎቹም ይመጣሉ አለች።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጋሽ ደምሴ የጂንካ ልጆች መርጠዋል፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው። አንቺም ሥራውን ትፈልጊያለሽ። ምን ያደርግልሻል ብዬ ነው።»

ክፋት አልነበረበትም። ሒሳቡም ትክክል ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጂንካ

አቧራዬን ሳላራግፍ ከኦይታ ጋር ቢሮ ገባሁ። ጋሽ ደምሴ ስልክ ላይ ናቸው። ስልኩን በእጃቸው ሸፈኑት።

«የመርካቶው ነጋዴ ነው። የውስጡን አሥር ይዞልኛል፣ እሱ ዘመናዊ ነው ይላል። ኦይታም በስልክ ወድጄዋለሁ ብሎኛል። ልክፈል?»

ኦይታ ጫማውን ያያል። እውነት ለመናገር ጥቁሩ መጥፎ ቦርሳ አይደለም። «ይክፈሉ» ብል ሰኞ ሥራ እገባለሁ፣ እናቴም ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች። የተመረጡት ልጆችም ጥቁሩን አንግተው፣ ጀሪካኑን የት እናድርገው እያሉ ደረቁ ወንዝ ጋ ይቆማሉ።

«ልጄ፣ ሰውየው እየጠበቀ ነው። ከውስጥ ወይስ ከውጭ?»

«ከውጭ» አልኩ። «ጀሪካን የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ተሸካሚዎቹም የዚያው አገር ሴቶች ይሁኑ፣ ለልጆቹ ባሰቡት ክፍያ። ስማቸውን አመጣልዎታለሁ፤ የመጀመሪያዋ ዙቦ ትባላለች።»