የቦዩ ጎበዝ ሠራተኛ

የምሠራው በከተማ ማደሻ ፕሮግራም ነው፤ ደመወዛችን የሚመጣው ከፌዴራል መንግሥት ነው። ባለፈው «የሚሠራውን ከማይሠራው ለይተህ ና» ተብዬ፣ ቀጨኔ የውሃ መውረጃ ቦይ ወደሚቆፈርበት መንደር ተላክሁ።

ስደርስ ሦስት ወጣቶች አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው አጥር ተደግፈዋል። ቦዩ አፋፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን፣ ላባቸው ጠብ እያለ፣ በአካፋ አፈር ይዝቃሉ።

«አንተ ምንድን ነህ?» አልኩት አንደኛውን።

«ተቆጣጣሪ።»

«አንተስ?»

«የተቆጣጣሪዎች አስተባባሪ።»

ሦስተኛው ሳልጠይቀው፣ «እኔ የሁለቱን ሪፖርት ነው የማቀርበው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

«አባቴ፣ እዚህ ሲሠራ ያየሁት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት!» አልኳቸው ጮክ ብዬ፣ እነዚያ እንዲሰሙ። «ደመወዝ እንዲጨመርልዎ ዛሬውኑ እጠይቃለሁ። ማን ነው የቀጠርዎት?»

ሦስቱ ወጣቶች እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌው አካፋቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«ማን ይቀጥረኛል ልጄ? ያ ከቦዩ ማዶ ያለው የቆርቆሮ በር የኔ ነው። እሁድ ልጄን እድራለሁ። ሙሽራው እንደ ፍየል ዘሎ አይገባ! የቆፈራችሁትን መልሼ እየደፈንኩት ነው።»