መልሼ ያጠፍኩት ቀይ መኪና

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለልጄ አልነገርኩም፣ ለጎረቤት አልነገርኩም። ሱጁድ ላይ ወድቄ እንኳ ስሙን አልጠራሁትም፤ «ወንጀሌን ማረኝ» እያልኩ በጅምላ አልፌዋለሁ። በጅምላ የሚለመን ምሕረት ምን ዓይነት ምሕረት ነው? ዛሬ በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል እጽፈዋለሁ። የምታነቡት ሰዎች፣ እንዳታዝኑልኝ። «አሮጊት ናት፣ አልተማረችም፣ ምን ታውቃለች» የሚል ካለ ወረቀቱን እዚሁ ያስቀምጠው። አውቅ ነበር።

እኔ አንድ ቤት የማልረጋ ሰው ነኝ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ወር ቦርደዴ ሴት ልጄ ዘንድ፣ ወር መቻራ የወንድሜ ልጆች ዘንድ፣ ወር ጭሮ የመጨረሻ ልጄ ጀማል ዘንድ ነው ኑሮዬ። የልጅ ልጆቼ «ሚኒባስ» ይሉኛል። የትም ብሄድ ፍራሽ አላጣም። ጭሮ ግን በጓሮ በኩል ያለችው ክፍል የኔ ነበረች፤ ሳጥኔም መስገጃዬም እዚያ ነው።

አንድ ጊዜ ከመቻራ አቧራ ለብሼ ስመጣ ክፍሌ ተይዛ ጠበቀችኝ። ጀማል ፊልም ይሠራባታል። ሲታጠፉ መኪና፣ ሲዘረጉ ሰው የሚሆኑ አሻንጉሊቶች፣ ሮቦት ይላቸዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯል። የበዴሳን ቁልቁለት በካርቶንና በጭቃ ሠርቶታል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዷል፣ አምፖል አብርቷል፣ ስልኩን እንጨት ላይ አስሯል። አንድ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ከመሐላቸው የአንዱን ቀይ መኪና ክንድ የጤፍ ፍሬ ታህል ያንቀሳቅስና ደግሞ ያነሳል። ፎቶዎቹ ሲከታተሉ መኪናው በራሱ ተነስቶ ሰው ሆኖ፣ ድልድይ የተሰበረባቸውን መንገደኞች ያሻግራል። ቀን ሙሉ ጎብጦ የሚያገኘው ግን ሰው ሁለቴ አስነጥሶ እስኪያበቃ የሚቆይ ነው።

ጓደኞቹ ጫት ሊቅሙ በርጫ ላይ ተቀምጠው «ጺሙ ወጥቶ በአሻንጉሊት!» እያሉ ይስቁበት ነበር። የምትመልስለት ሚስቱ ፈትያ ናት። «እናንተ ቁጭ ብላችሁ ቅጠል ትጨርሳላችሁ፣ እሱ ቁጭ ብሎ ፊልም ይጨርሳል!» ትላቸዋለች። ከአዲስ አበባ አንድ የቴሌቪዥን የልጆች ዝግጅት የሦስት ደቂቃ ፊልም ሠርተህ ላክ ብሎታል፤ ከወደዱት ይቀጥሩታል። ቀንም ተቆርጦለታል።

«እማማ፣ እርስዎ መቼም አንድ ቦታ አይቀመጡ» አለችኝ ፈትያ። «ፊልሙ እስኪያልቅ ሳሎን ይተኙ፣ እኔ አነጥፍልዎታለሁ።»

ክፉ ቃል የለበትም። እውነት ነው። ያቃጠለኝም እውነትነቱ ነው።

ጀማል ደግሞ «አዮ፣ እዚህ ስትገቢ ወለሉን እንኳ ቀስ ብለሽ ርገጪ። አንዱ ከተነቃነቀ የሠራሁት ሁሉ ገደል ገባ» አለኝ። እሺ የኔ ልጅ አልኩት። እንግዲህ አላወቀችም የሚለኝ ማነው?

የመጀመሪያው ጁምዓ ጀማል መስጊድ ሄደ፣ ፈትያ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ገባሁ። የቀዩን ክንድ በአንድ ጣቴ ገፋሁት፤ ያን ያህል ብቻ። ጀማል ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። በኋላ ስልኩ ላይ ሲያየው መኪናው ኤሌክትሪክ እንደያዘው ዘለለ። «እኔ ደንቆሮ!» ብሎ ራሱን ሰደበ፣ የሦስት ቀን ሥራ ጥሎ እንደገና ጀመረ። እኔ ልጄ ራሱን ሲሰድብ እየሰማሁ ሻይ ጠጣሁ። ስኳሩ አነሰኝም ብያለሁ።

በሁለተኛው ጁምዓ ቀዩ መኪና እግሮቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን ከፍቶ፣ ጭንቅላቱ ብቻ ቀርቶት ቆሞ ነበር። የሳምንት ሥራ ነው። ቀኑ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል። ገባሁ። እግሩን አጠፍኩ። ክንዱን አጠፍኩ። ደረቱን ዘጋሁ። ሰው ሊሆን ጭንቅላት ብቻ የቀረውን መልሼ መኪና አደረግሁት። እንዳይሰበር እየተጠነቀቅሁ፣ ሕፃን እንደምጠቀልል አድርጌ ነው ያጠፍኩት። ጂኒ አይደለም፣ ድመት አይደለም። እኔ ነኝ።

ፈትያ ከዚያ በፊት በቀልድ «አንድ ቀን ሰብስቤ ለጎረቤት ልጆች ነው የማድላቸው» ብላ ነበር። ጀማል ከመስጊድ ተመልሶ ሲያየው እሷን ያዘ።

«አንቺ ነሽ!»

«ወላሂ አልነካሁም!»

«ታዲያ ማነው? ቤት የነበራችሁት አንቺና አዮ ብቻ ናችሁ!»

ሁለት ሰው ጠርቶ አንዷን ብቻ ጠየቀ። እናት ትጠየቃለች እንዴ? ፈትያ ዞራ አየችኝ። አወቀች። ወላሂ ያን ጊዜ አውቃለች። የባልን እናት «እርስዎ ነዎት» ማለት ነውር ሆኖባት አፏን ዘጋች። እኔ ተስቢሄን ቆጠርኩ።

ቀኑ አለፈ፣ ፊልሙ ሳይላክ ቀረ። ቤቱ ውስጥ ቃል ሁሉ ጥል ሆነ። ፈትያ ገለምሶ እናቷ ዘንድ ገባች። ሽማግሌ ሲላክ እኔም አብሬ ሄድኩ። «ላልነካሁት ይቅርታ አልጠይቅም» አለች። ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? እጇን ይዤ «ተይ ልጄ፣ አፉ በለኝ፣ ማረኝ በይውና ይለቅ» አልኳት። እኔ! እጇን ነጠቀችኝ። ሽማግሌዎቹ «በእኚህ የዋህ ሴት ላይ!» ብለው ተቆጧት። የዋህ አሉኝ። ጀማል ፈታት። እሱም ዛሬ ጫት እያሰረ ይኖራል፤ ያችን ክፍል መልሶ ሰጥቶኛል።

አራት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር ፈትያን ለልጃቸው የጠየቁ የበዴሳ ሰዎች እኔ ዘንድ መጡ። የፊተኛዋን አማት መጠየቅ ወግ ነው። «ጠባይዋ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«አላህ ያውቃል» አልኳቸው።

አቀርቅረው ወጡ። ጋብቻው ቀረ። የዚያችን ሴት ቤት ሁለት ጊዜ አፈረስኩ፤ አንዴ በእጄ፣ አንዴ በአላህ ስም። ለሁለተኛው ደግሞ ምን ምክንያት አለኝ? ክፍሌ ተመልሳልኛለች። ምንም የለኝም።

ነገ የመቻራው ሚኒባስ ገለምሶ ሲቆም እወርዳለሁ። ይህን ወረቀት ከጀማል በፊት ለእሷ በእጇ እሰጣታለሁ። ለበዴሳ ሰዎች ታስነብበው፣ ገበያ መሐል ታስነብበው፣ ፊቴ ላይ ትቅደደው፣ እሷ ታውቃለች። ብትቀደው ሌላ እጽፋለሁ። አፉ በይኝ ግን አልላትም። ያን ቃል ምንም ካላጠፋችው ሴት አፍ ለማውጣት እጇን ይዤ የለመንኩ እኔ፣ በየትኛው አፌ እላታለሁ?